ድንጋዩን ያላወረድኩለት ሰው

ኤርሚያስ ማንበብ እንደማልችል ለማላውቃቸው ሺህ ሰዎች ነገረብኝ። ከሁለት ዓመት በላይ ከአፌ የወጣውን ሁሉ በስልኩ እየጻፈ በተነው። ያነበበው ሳቀ፣ አደነቀ፣ ለጓደኛው ላከ። ከሰፈሩ ሰው ያላነበብኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። በደሉ ይኸው ነው። ሌላ አልበደለኝም፤ ግን ይህ ይበቃል።

መጋቢት ውስጥ ሞተ። ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነበር። የነገረችኝ ሳሮን ናት፤ ከጌም ቤቱ ደንበኞች አንዷ። ከቂርቆስ ወደ ሜክሲኮ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ሆኜ ስልኬ ጮኸ።

«ጋሼ ጌጡ፣ ኤርሚ አረፈ» አለችኝ።

«እሺ» አልኳትና ዘጋሁት። መውረጃዬን አልፌ መሄዴን ያወቅሁት ረዳቱ «አባት፣ መጨረሻ ነው፣ ይውረዱ» ሲለኝ ነው።

ከተኳረፍን አራት ወር ሆኖን ነበር። የሞተ ሰው ይመሰገናል፣ ደንቡ ነው። እኔ ማመስገን አልችልበትም። የማውቀውን እጽፋለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ አራት ዓመቴ ነው፤ የሚጎድል ካለ ያነበበው ሰው ራሱ ይሙላው።

ሥራዬ ጥበቃ ነው። ካዛንቺስ፣ ሰፈሩ ሳይነሳ በፊት፣ አንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ እጠብቅ ነበር፤ ቀን ቀን። ላይ ላዩን ቢሮ ነው። ከኋላ ምድር ቤቱ ላይ ኤርሚያስ ሁለት ክፍል ተከራይቶ ጌም ቤት ከፍቶ ነበር። ዘጠኝ ኮምፒውተር አለው። ሌላው ጌም ቤት ኳስ እያጫወተ ይኖራል፤ እሱ ኳስ አያስገባም። «ኳስ ይጮሃል» ይላል። የእሱ ደንበኞች ከተማ የሚሠሩ፣ ጦር የሚመሩ፣ ሦስት አራት ሰዓት ትንፍሽ የማይሉ ሰዎች ናቸው። የባንክ ሠራተኛ አለ፣ የሕክምና ተማሪ አለ፣ አንድ ዲያቆንም ነበር።

ኤርሚያስ ቀጭን ነው። ክረምት ከበጋ አንድ አረንጓዴ ሹራብ ይለብሳል፤ በሹራቡ እጅጌ ኪቦርድ ይጠርጋል። ሰው ሲያናግረው ዓይን ዓይኑን አያይም፣ ጆሮውን ያዞርለታል። ሁሉንም ሰው «ከንቲባ» ነው የሚለው። መጥፎን ነገር መጥፎ አይልም፤ «አልበሰለም» ይላል። ስለ ሽሮም፣ ስለ ጌምም፣ ስለ ሰውም።

አዲስ ደንበኛ ሲመጣ አንድ ጥያቄ አለው። «ያለፈችው ከተማህ በምን ሞተች?» ካልመለሰለት አያስቀምጠውም። እንደ ሐኪም ነው የሚጠይቀው። አንዱ በረሃብ ይላል፣ አንዱ ሰው አመጸብኝ ይላል። «አላውቅም» ያለ ሰው ግን ጉድ ይፈላበታል። «የገደልክበትን ካላወቅህ እንደገና ትገድላለህ፤ ሂድና አስብበት» ብሎ ብሩን ይመልስለታል። እኔ መጀመሪያ ያበደ ነበር የመሰለኝ። ማለቴ፣ በገንዘቡ ሊጫወት የመጣን ሰው ማን እንዲህ ይለዋል?

መጀመሪያ የገባሁት ብርድ ሸሽቼ ነው። ሐምሌ ነበር፤ በሩ ላይ ቆሜ ስንቀጠቀጥ አየኝና «ጋሼ፣ ግባና ቁጭ በል፣ ሕንፃው አይሸሽም» አለኝ። ገባሁ። የሚጫወቱትን አየሁ።

ጌሙን «ጉድጓዱ» ነበር የምንለው፤ የፈረንጅ ስሙ ለምላስ አይመችም። ዝናብ የቀረበት አገር ነው፣ አቧራ ብቻ። መሃሉ ላይ አንድ ጉድጓድ፣ በዙሪያው ሰማንያ ሰው። ማን ይቆፍር፣ ማን ይቅዳ፣ ማን ቀድሞ ይጠጣ፣ የምትወስነው አንተ ነህ። መቶ ቀን ካቆየሃቸው አሸነፍክ። የተማሩት ልጆች አርባኛው ቀን ላይ ሰዎቻቸው ይሞቱባቸው ነበር።

አንድ ጠዋት ሰው ሳይመጣ ኤርሚያስ «ሞክረው» አለኝ። ጽሑፍ መዓት ነው። አላነብም፤ እሱ ግን እንግሊዝኛ ስለሆነ ነው ብሎ ነው የሚያስበው። እኔ ጽሑፉን ትቼ ሰዎቹን አየሁ። ሰው ሲጠማ አካሄዱ ይለወጣል። ቀይ ሻሽ ያሰረችው ሰልፍ ላይ እግሯን ማፈራረቅ ከጀመረች ውሃው አልበቃም ማለት ነው። ቆፋሪው አካፋውን ከትከሻው አውርዶ ከጎተተው ነገ ይወድቃል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሃያ ዓመት ጀሪካን ይዞ የተሰለፈ ሰው ይህን ለማወቅ ፊደል አያስፈልገውም። በሦስተኛው ሙከራ መቶ ቀን አደረስኳቸው። ያሉት ሁሉ ተነስተው ከኋላዬ ቆመው ነበር።

«በምን ያዝካቸው?» አለኝ ኤርሚያስ።

«በእግራቸው።»

«ቆይ፣ ድገመው» አለና ስልኩን አወጣ።

ከዚያ በኋላ «ቆይ፣ ድገመው» የዘወትር ቃሉ ሆነች። አንድ ነገር ስናገር ስልኩን ያወጣል፣ አውራ ጣቱ ይሯሯጣል። ከሴት ጋር የሚጻጻፍ ነበር የሚመስለኝ።

በዓመቱ ሁለተኛው መጣ። የዚያው ጌም ተከታይ። ሰው ሲጠብቀው እንደ ፋሲካ ነበር፤ የወጣ ቀን ዘጠኙም ወንበር ተይዞ ሌላው ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። በሁለተኛው ላይ ሠላሳ ዓመት አልፏል። ሰማንያዎቹ ስልሳ ሺህ ሆነዋል። ጉድጓዱ አይታይም፣ ቧንቧ ሆኗል። ሰውም አይታይም፤ ከላይ ስታየው ነጠብጣብ ነው። ቤት አንድ በአንድ መሥራት ቀርቶ ሰፈር ሙሉ በአንድ ቁልፍ ትተክላለህ፣ ሰፈር ሙሉ በአንድ ቁልፍ ታነሳለህ። ምክር ቤት አለ። ቆፋሪዎች የሚባሉ አሉ፣ ነጋዴዎች አሉ፣ ከተማዋን ጥለን እንውጣ የሚሉ አሉ። አንድ ቧንቧ ለመቀጠል እጃቸውን ማስወጣት አለብህ። እጃቸውን ለማስወጣት ቃል ትገባለህ። ቃልህን ካጠፍክ ያኮርፋሉ።

ጌም ቤቱ ለሁለት ተከፈለ።

«ይሄ ጌም አይደለም፣ የቀበሌ ስብሰባ ነው» አለ ዲያቆኑ። «ለስብሰባማ ለምን እከፍላለሁ?»

የሕክምና ተማሪው ደግሞ «ስዕሉ አምሯል፣ ልቡ ጠፍቷል» አለ። «አንደኛው ላይ ሰው ሲሞትብኝ እራቴን አልበላም ነበር። አሁን ሁለት ሺህ ሞተው ሳንድዊች እየበላሁ ነው።»

ሳሮን ግን አልተቀበለቻቸውም። «አንደኛው ላይ እኮ አምላክ ነበራችሁ። አዝዛችሁ መተኛት። ሁለተኛው ላይ ሰው ሆናችሁ፣ መለመን መጣ። ያቃጠላችሁ እሱ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም።»

ኤርሚያስ ጆሮውን አዙሮ ሁሉንም ሰማ። «እኔ አልበሰለም አልልም» አለ በመጨረሻ። «ስልሳ ሺህ ሰው በአካሄዱ የሚያውቅ ከንቲባ አይቼ አላውቅም። እውነቱ ሁለተኛው ነው። እውነት ስለሆነ ደስ አይልም።»

እኔ ሦስት ጠዋት ሞከርኩና አቃተኝ። እግር የለም። አካሄድ የለም። ሁሉም ነገር ጽሑፍ ነው፤ ማን እንዳኮረፈ ጽሑፍ፣ ማን ምን እንደፈለገ ጽሑፍ። አራተኛው ቀን ላይ ሰው ሳይመጣ ነገርኩት።

«ኤርሚያስ፣ ችግሬ እንግሊዝኛ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«አማርኛም አላነብም።»

አልሳቀም። ጆሮውን አዞረልኝ። «የሕንፃውን መዝገብ ማነው የሚጽፈው?» አለኝ።

ነገርኩት። የሚገባ የሚወጣውን የምመዘግብ እኔ ነኝ። ግን በሠራሁበት ዘመን አንድም ስም አልጻፍኩም። «ስምዎ፣ የመጡበት ጉዳይ፣ ሰዓት፤ በራስዎ እጅ ጽሑፍ» እላለሁ፣ እንደ ጥብቅ መመሪያ። ትልቅ ሰው ቢመጣም በራሱ እጅ ነው የሚጽፈው። አለቆቼ ጥንቁቅ ነው ብለው ያመሰግኑኝ ነበር።

«ማን ያውቃል ይሄን?»

«አንተ።»

«ከእኔ ሌላ?»

«ልጄም አታውቅ።»

«እሺ» አለ። ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት፣ ደንበኛ እስኪመጣ፣ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ድረስ እያነበበ በአማርኛ ይነግረኝ ጀመር። እሱ ያነባል፣ እኔ እወስናለሁ፣ እሱ ይጫናል። «ጋሼ፣ ነጋዴዎቹ ውሃ በኮታ ይሁን እያሉ ነው።» «አይሆንም በላቸው።» «አይሆንም ካልካቸው ቆፋሪዎቹ የጠየቁትን አያሳልፉልህም።» «እነሱንም አይሆንም በላቸው።» እንዲህ እንዲህ ስንል ከተማዋ በጌሙ ሃያኛ ሳምንት አለቀች። አራት ሰዓት አልፎ ሰው ሞልቶ ነበር ያን ጊዜ።

«ጋሼ ጌጡ፣ ከተማህ በምን ሞተች?» አለኝ ጮክ ብሎ፣ እንደ ደንቡ።

«በስብሰባ።»

ቤቱ ተናወጠ። እኔ ግን ለቀልድ አላልኩም። «ቆይ፣ ድገመው» አለ።

ብዙ ነገር አልኩ በዚያ ዓመት። አንደኛው ላይ ሰው ሲሞት ሥራ ይቆማል፣ አራት ሰዎች ተሸክመው ያወጡታል። ሁለተኛው ላይ ሰው ሲሞት ቁጥር ይቀንሳል። ቀባሪ የሌለበት ከተማ ከተማ አይደለም፣ መጋዘን ነው አልኩ። ቃል መግባት ከውሃ የረከሰበት አገር ላይ ጉድጓድ ምን ያደርጋል አልኩ። እሱ ደግሞ ይከራከረኛል። «ጋሼ፣ አንተ ሰማንያ ሰው ብቻ ነው የምትወደው» ይለኛል። «ሰማንያ አንደኛው ሲመጣ በሩን ትዘጋለህ።» እውነቱን ነበር፤ አልነገርኩትም እንጂ።

አንድ ቀን «እኔ ሁልጊዜ አልኖርልህም፣ ፊደል ቁጠር» አለኝ። ጌም ቤቱን ሊዘጋ ያሰበ መስሎኝ ነበር። በነጋታው ደብተርና እርሳስ ይዞ መጣ፤ ላጲስ ያለበት እርሳስ። ቅዳሜና እሁድ ጠዋት የጎልማሶች ትምህርት ገባሁ። ጎረቤቶቼን መስቀል አደባባይ ሰው ቀጥሮኛል እያልኩ ነው የምወጣው። ከቤት ሠራተኞችና ከሁለት ጫኝ አውራጆች ጋር አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። በዓመቱ የታክሲ ታፔላ ማንበብ ጀመርኩ፣ ከዚያ የሱቅ ስም፣ ከዚያ የማስታወቂያ ወረቀት። ለኤርሚያስ ጮክ ብዬ ሳነብለት በሹራቡ እጅጌ ዓይኑን የጠረገ መስሎኛል። ኪቦርዱን ሊሆን ይችላል፤ አልምልም።

ከዚያ ጥቅምት ላይ ሰፈሩ ተነሳ። ሕንፃውም ጌም ቤቱም የሉም። እሱ ቂርቆስ አንድ ክፍል ተከራየና አምስት ኮምፒውተር ይዞ ገባ። እኔም እዚያው አቅራቢያ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ጥበቃ ሆኜ ተቀጠርኩ። እንደ ድሮው ጠዋት ጠዋት ጎራ እል ነበር።

ኅዳር ላይ ነው፣ ምሳ ሰዓት። ሳሮን እየሳቀች መጣችና «ጋሼ፣ የዛሬዋ ገደለችኝ» ብላ ስልኳን ሰጠችኝ። ልጅቷ የማውቅ መስሏት ነው። የቴሌግራም ቻናል ነው። አናቱ ላይ «ዘበኛው ከንቲባ» ይላል። ጥበቃ እንኳ አላለኝም። ከታች በትንንሽ ፊደል ስለ ቻናሉ የተጻፈ አለ፤ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። «ማንበብ የማይችለው የካዛንቺስ ዘበኛ ስለ ጉድጓዱ አንደኛና ሁለተኛ የሚለው።» «የማይችለው» ያለማንም እርዳታ፣ ሳልቆም ያነበብኳት የመጀመሪያዋ ረጅም ቃል ናት።

ኤርሚያስ ጋ ሄድኩ። ሁለት ልጆች እየተጫወቱ ነበር፤ አስወጣኋቸው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ፊቱ አመድ መሰለ። «ጋሼ፣ ሰው በጣም ይወድሃል። ሁለተኛው ላይ የሚጻፈው ሁሉ ተመሳሳይ ነው፤ ስዕሉ፣ ዋጋው፣ ምናምን። እንዳንተ ያየው ሰው የለም።»

«ማንበብ አይችልም ብለህ ጻፍክ?»

«ስምህን አልጻፍኩም። ለክብርህ ብዬ ነው።»

«ካዛንቺስ ውስጥ ጌም ቤት ገብቶ የሚጫወት ዘበኛ ስንት ነው?»

በሹራቡ እጅጌ ኪቦርድ መጥረግ ጀመረ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ራስህ ስታነበው ደስ ይልሃል ብዬ... ያኔ ላሳይህ ነበር።»

«ደብተሩን የገዛህልኝ ለዚህ ነው? ስለ ራሴ የተጻፈ ሐሜት እንዳነብ?»

ወጣሁ። ደግሜ አልገባሁም።

በዚያው ሳምንት ልጄ ትዕግስት ከአዋሳ ደወለች። ባሏ ጌም ይጫወታል፤ ቻናሉን ይከተል ነበር። «አባዬ፣ ይሄ ሰውዬ አንተ ነህ እንዴ?» አለችኝ። አልመለስኩም። ገባትና «ታዲያ ልጅ ሆኜ ካርዴን ሳመጣልህ እያየህ 'ጥሩ ነው፣ ሒሳብ ላይ በርቺ' ትለኝ የነበረው? ሒሳብ እኮ አንደኛ ነበርኩ» አለች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ታኅሣሥ ላይ ኤርሚያስ ሽማግሌ ላከ። እሁድ ጠዋት ቤቴ መጡ፤ አቶ ሺበሺ፣ ጡረታ የወጡ አናጺ ናቸው፤ ሐጂ ሙዘሚል፣ የድሮ ሰፈራችን ባለሱቅ፤ ሦስተኛው የኤርሚያስ አጎት፣ ከገጠር የመጡ። እሱ ውጭ ቆሟል አሉኝ።

«በምን ተጣላችሁ?» አሉ አቶ ሺበሺ።

«ስለ አንድ ከተማ የተናገርኩትን ለሰው አወራብኝ።»

«ይቺ ከተማ የት ናት?» አሉ ሐጂ።

«የለችም፣ ሐጂ። ኮምፒውተር ውስጥ ናት።»

«ውሃ አላት?»

«ጉድጓድ አላት።»

«እንግዲያው ከእኛ ሰፈር ትሻላለች» አሉ፤ ማንም አልሳቀም።

አቶ ሺበሺ ስልክ ነበራቸው፤ ልጁ የጻፈውን እንስማ አሉና መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። የመጋዘኗን። ቀባሪ የሌለበት ከተማ የምትለዋን። ካነበቡ በኋላ ስልኩን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። የእኔ፣ የእሳቸውና የሐጂ ሰፈር ከተበተነ ሁለት ወሩ ነው።

«ይሄን ማነው ያለው?»

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ክፉ ነገር አልተናገርክም። ልጁም አልዋሸብህም። ምንህን ነው የወሰደብህ?»

«ስም አልባ አደረገኝ። ቃሌን ወስዶ እኔን ዘበኛ አለኝ። ከዚያ በላይ ደግሞ ገመናዬን ወሰደ። ለእሱ ብቻ ነበር የነገርኩት።»

ተያዩ። «ጥፋት አለበት» አሉ አቶ ሺበሺ። «ይግባ።»

ኤርሚያስ ድንጋይ ተሸክሞ ገባ። የግንብ ድንጋይ፣ ጥርብ፣ በግራ ትከሻው ላይ። አንገቱን ደፍቷል። አረንጓዴው ሹራብ በአቧራ ነጥቷል። አጎቱ ናቸው ደንቡን ያስተማሩት፤ ገጠር በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ይቆማል፣ ተበዳይ «አውርድ» ካላለው አያወርድም። አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ያደረገ ጎረምሳ አይቼ አላውቅም። ጂንስ ለብሶ፣ ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጎብጦ እየታየ።

እኔ የገባኝ ሌላ ነው። አንገቴን አስግጌ ወደ በሩ አየሁ። «ቀረጻው ማን ጋ ነው?» አልኩ።

«ማንም የለም፣ ጋሼ።»

«ነገ ምን ብለህ ልትጽፈው ነው? ዘበኛው ድንጋይ አሸከመኝ?»

«አልጽፍም።»

«ለቻናልህ ነው የመጣኸው። እዚህም ልትጫወትብኝ።»

«ጌጡ» አሉ አቶ ሺበሺ። «ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ቆሞ ክርክር አይደረግም። አውርድለት።»

እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ። ኤርሚያስ ቆመ። ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም። ጉልበቱ ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል፤ ያስመስላል አልኩ በልቤ። በመጨረሻ ሐጂ ሙዘሚል ራሳቸው ተነሱ፣ ከአጎቱ ጋር ሆነው አወረዱለት። እንደ ደንቡ አልተቆጠረም፤ ተበዳዩ አላወረደማ። ኤርሚያስ አንድ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ ግድግዳውን እየያዘ ወጣ። ድንጋዩ ነው የጎዳው ብዬ አሰብኩ። ደግ አደረገው ብዬም አሰብኩ፤ ይኸው ጻፍኩት።

ኩላሊቱ መሆኑን የሰማሁት ለቅሶው ላይ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል እየሄደ ደሙን በማሽን ያሳጥብ ነበር። እኛ ዕቃ ሊገዛ የሚሄድ ነበር የሚመስለን። እህቱ ሰብለ ናት የነገረችን። ድንኳኑ ውስጥ ደንበኞቹ ሁሉ ነበሩ፤ ዲያቆኑ፣ ሳሮን፣ አሁን ሐኪም የሆነው ልጅ። ስገባ ተጠጋግተው ቦታ ሰጡኝ። ሐኪሙ ልጅ «ስንት ጊዜ ወገቡን ሲይዝ አይቼዋለሁ፣ ምንም አላሰብኩም» እያለ ራሱን ይነቀንቃል። እኔ የሰማንያ ሰው አካሄድ አውቃለሁ ብዬ የተኩራራሁ ሰው፣ በየጠዋቱ አጠገቤ የሚቀመጠውን አንዱን አላየሁም።

አርባው ካለፈ በኋላ ሰብለ ከአቶ ሺበሺ ጋር ቤቴ መጣች። የወንድሟን ስልክ ይዛለች።

«ጋሼ፣ ሰው እየጠየቀ ነው፤ ዘበኛው የት ሄደ ይላሉ» አለችኝ። «የእርስዎ ነገር ነው። ይቺን ከተጫኗት ቻናሉ በሙሉ ይጠፋል። ኤርሚ ሌላ የጻፈው ነገር የለም። ግን ይጥፋ ካሉ ይጥፋ፤ አልቀየምዎትም።»

«ከሙት ጋር ቂም አይያዝም» አሉ አቶ ሺበሺ። «ወይ አጥፋው ወይ ተወው። ብቻ ጨርሰው።»

«መጀመሪያ ላንብበው» አልኩ።

ስልሳ ሦስት ጽሑፍ ነው። ሌላ ሰው በአንድ ከሰዓት ይጨርሰዋል። እኔ ከሁለት ሳምንት በላይ ፈጀብኝ። መደብሩ በር ላይ ተቀምጬ፣ በጣቴ እየተከተልኩ። የሚያጠፋውን ቁልፍ ሰብለ አሳይታኛለች፤ በየቀኑ አየዋለሁ። አንዳንድ ቀን ጣቴ ደርሶበት ነበር።

አንድ ነገር አየሁ። ኤርሚያስ አላሳመረውም። የተማረ ሰው የመሃይም ቃል ሲጽፍ ወይ ያሳምረዋል ወይ ያበላሸዋል። እሱ እንዳልኩት ነው የጻፈው፤ ስድቤን ሳይቀር፣ «ማለቴ» ያልኩበትን ሳይቀር። ሁሉንም «ቆይ፣ ድገመው» እያለ ያስደገመኝ ለዚህ ነበር። የራሱን ሐሳብ ደግሞ አላስገባም። ሁለተኛውን እንደሚወደው አውቃለሁ፤ አንድም ቦታ ዘበኛው ተሳስቷል አላለም። ከታች ሰዎች ሲከራከሩ ነበር። አንዱ «ዘበኛው ልክ ነው፤ ሁለተኛውን ጨርሼ አንድም ሰው ፊቱ ትዝ አይለኝም» ይላል። ሌላው «ዘበኛው ያረጀ ሐሳብ ነው ያለው፤ ትልቅ ከተማ በዓይን አይገዛም» ይላል። ይሄኛውን ልሰድበው ፈለግሁ። ከዚያ ኤርሚያስም እንዲሁ ይለኝ እንደነበር ትዝ አለኝና ተውኩት።

ስልሳ ሦስተኛዋ፣ የመጨረሻዋ፣ ጥር ውስጥ የተጻፈች ናት። ከድንጋዩ በኋላ። እንዲህ ትላለች፤ «ዘበኛው ዛሬ እንዲህ አለ። ጉድጓድ ሲደርቅ ቀድሞ የሚያውቀው ጉድጓዱ ራሱ ነው። ለሰልፈኛው ግን አይናገርም። ሰልፉ ተበትኖ ብቻዬን እቀራለሁ ብሎ ይፈራል።»

እኔ ይህን አላልኩም። ያኔ አንነጋገርም ነበር። ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ሰብለን ደውዬ ጠራኋት። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጣች። ስልኩን ሰጠኋት።

«እናጥፋው?» አለችኝ።

«አይጠፋም። 'ዘበኛው' የሚለው ሁሉ ተነስቶ ስሜ ይግባበት። ጌጡ አበራ ወልዴ። አናቱ ላይም።»

«ሁሉም ላይ?»

«ያልኩት ላይ ሁሉ።»

መቀየር ጀመረች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ አያለሁ። ረጅም ጊዜ ወሰደ። አናቱ ላይ ስትደርስ ቆመች። «'ማንበብ የማይችለው' የሚለውስ? እሱን ልሰርዘው፣ አይደል?» አለች።

ልጄ ታየዋለች። ባሏም ያየዋል። መዝገቡ ላይ በእጃቸው ሳስጽፋቸው የነበሩት የቢሮ ሰዎችም ያዩታል፤ አሁን ከነሙሉ ስሜ።

«ተይው» አልኳት። «ያኔ አልችልም ነበር።»

ቀጠለች። የመጨረሻዋ ላይ ስትደርስ እጇን ያዝኳት። «ይቺ የእኔ አይደለችም» አልኩ። «አንብቢያት።»

አነበበች። ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠችና ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። እስክትጨርስ ጠበቅኋት። ከዚያ ስልኩን ከጭኗ ላይ አነሳሁና «ዘበኛው» የሚለውን ራሴ አጠፋሁት፤ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየፈለግሁ፣ በቦታው ኤርሚያስ ብዬ ጻፍኩ።

ነገሩ ያለቀው እሁድ፣ ግንቦት 10 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው።